ወተቱ ኪኒኑን ሲይዘው



ባለፈው ረመዳን አንዲት እናት ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ሲፕሮውን ጨረስኩት፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም» አሉኝ። እንዴት እንደወሰዱት ብጠይቃቸው፣ ሆዳቸውን እንዳይጎዳቸው ብለው በኢፍጣርም በሱሑርም በአንድ ብርጭቆ ወተት ነው። (መጾም ይችሉ እንደሆነም ሐኪም አልጠየቁም፤ አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቶ ሳለ!)

ወተት ምን ያደርጋል? መልሱን ለማግኘት ለአፍታ ወደ ላቦራቶሪ እንግባ። በወተት ውስጥ የሟሟው ካልሲየም አዮን ይባላል፤ በዓይን አይታይም። እንዲህ ያለውን ማዕድን ለመለካት አንዱ መንገድ ብርሃን ነው። ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ቢዮ እ.ኤ.አ. በ1815 በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን እንደ ተርፐንቲን ባሉ ፈሳሾች ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫው እንደሚዞር ደረሰበት። ዙሩ ፖላሪሜትር በተባለ መሣሪያ በዲግሪ ይነበባል።

ኬሚስቱ ብርሃን የሚያዞር፣ ማዕድንንም እንደ ጉጠት ቆንጥጦ የሚይዝ ፈሳሽ ያዘጋጅና ማዕድን ባለበት ውሃ ላይ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ማዕድን የያዘው ሞለኪውልና ባዶው ብርሃኑን የሚያዞሩት እኩል አይደለም። ስለዚህ ማዕድኑ ተይዞ ሲያልቅ የዲግሪው አካሄድ ይለወጣል። እስከዚያ የፈሰሰው ፈሳሽ ተለክቶ የማዕድኑ መጠን ይሰላል።

ይኸው መቆንጠጥ በሆዳችንም አለ። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሆነ ቴትራሳይክሊን ካልሲየም፣ ማግኒዚየም ወይም ብረት ሲያገኙ ይጣበቃሉ። በላቦራቶሪ የምንፈልገው ይህ መያያዝ በሆድ ውስጥ ኪሳራ ነው፤ የተያያዘው መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም እንደሚገባው አይገባም። ኪኒኑን ውጠነዋል፣ ጀርሙ ዘንድ ግን በበቂ መጠን አልደረሰም።

ሐኪም ሲፕሮ አዝዞልዎት፣ መጾምም ከፈቀደልዎት፣ በመግሪብ በውሃ ይዋጡት። ኢፍጣር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ ወተቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይድረስ። የብረት ኪኒንና ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒትም እንዲሁ፤ ከእነዚህ በኋላ እስከሚቀጥለው ሲፕሮ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆዩ። በሱሑር ግን ሕክምናው እስኪያልቅ ወተትም እርጎም አይቅረብ። ቴትራሳይክሊን የታዘዘለት ደግሞ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ይወስዳል።

ለእኒያ እናት ሌላ ኪኒን አልሸጥኩላቸውም። ያልተሻላቸው በወተቱ ይሁን በሌላ ምክንያት ምርመራ ስለሚያስፈልገው ወደ ሐኪማቸው መለስኳቸው። የሱሑሩን ወተት ስከለክላቸው ግን ትንሽ ቅር አላቸው።