ከሦስቱ ዴቢያኖች የትኛውን ልጫን?

ዴቢያንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጭን ሰው ብዙውን ጊዜ ግራ የሚጋባው ገና ከማውረዱ በፊት ነው። ኢያን መርዶክ በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ጊዜ በሦስት መልክ ይገኛል፤ ስቴብል፣ ቴስቲንግና አንስቴብል። ልዩነታቸው የሚገባን አንድ ፕሮግራም የሚያልፍበትን መንገድ ስንከተል ነው።

አዲስ የሊብሬኦፊስ ስሪት ሲወጣ የዴቢያን በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁትና ወደ አንስቴብል ያስገቡታል። እዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ አዲስ ከባድ ችግር ካልታየበት፣ የሚደገፍባቸው ሌሎች ፕሮግራሞችም ከተሟሉ፣ ወደ ቴስቲንግ ይሻገራል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ደግሞ ቴስቲንግ ለአዳዲስ ስሪቶች ይዘጋል። ለወራት ስህተት ሲለቀም ይከርምና አዲሱ ስቴብል ሆኖ ይወጣል። 12ኛው እትም ቡክወርም በጁን 2023፣ 13ኛው ትሪክሲ በኦገስት 2025 የወጡት በዚህ መንገድ ነው። ስሞቹ ከ«ቶይ ስቶሪ» ፊልም የተወሰዱ ናቸው። አንስቴብል ምንጊዜም ሲድ ይባላል፤ በፊልሙ አሻንጉሊት የሚሰባብረው ልጅ ስም ነው።

ስቴብል ከወጣ በኋላ ፕሮግራሞቹ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ባሉበት ስሪት ይቆያሉ። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ማስተካከያው ለዚያው ለቆየው ስሪት ተበጅቶ ይመጣል። ይህ እንክብካቤ ሦስት ዓመት ይዘልቃል፤ በተራዘመው ድጋፍ አምስት ይሞላል። የሚወርደውም ጥቂት ስለሆነ፣ እንደ እኛ አገር ኢንተርኔት በጊጋባይት ለሚገዛ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ብዙዎች «መካከለኛው ይሻላል» ብለው ቴስቲንግን ይመርጣሉ። እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። የደህንነት ማስተካከያው አብዛኛውን ጊዜ በአንስቴብል በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ሊዘገይ ይችላል፤ አንዱ ፕሮግራም አንስቴብል ላይ ከተያዘ በእሱ የሚደገፉት ሌሎቹም አብረውት ይያዛሉ። ቴስቲንግ ቀጣዩን እትም ፈትሸው ስህተት ለሚያሳውቁ ሰዎች ክቡር ቦታ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሱቅ ሒሳብ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ግን ስቴብል ይገባዋል።

ላፕቶፑ በጣም አዲስ ሆኖ ዋይፋዩን ስቴብል ካላወቀውስ? ያን ጊዜም እትሙን መቀየር አያስፈልግም። ባክፖርትስ ከሚባለው ማከማቻ አዲሱን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ብቻ መውሰድ ይቻላል። ባለ 32 ቢት አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ ቡክወርምን ይፈልግ፤ ትሪክሲ ለነዚህ ማሽኖች መጫኛ አላዘጋጀም። ለአማርኛ ሲባል አዲሱን ማሳደድም አያሻም፤ አቢሲኒካ ፎንትም የአማርኛ መጻፊያውም በስቴብል ውስጥ አሉ።

ሲጭኑ፣ የማከማቻዎቹ ዝርዝር ፋይል ላይ «ትሪክሲ» ተብሎ የተጻፈውን በ«ስቴብል» አይተኩት። ከተኩት፣ 14ኛው እትም ሲወጣ ኮምፒውተሩ የሚያወርደው የእሱን ፕሮግራሞች ይሆናል። ስሙ እንዳለ ከቆየ ግን የሚሻገሩበትን ቀን የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት፤ ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ከገለበጡ በኋላ።