ፍላጻው የት ይረፍ?

በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ በዩኒቨርሲቲውና በመሃል ከተማው መካከል ያለው ዋይንላንድ ፓርክ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩበት ሰፈር ነው፤ በጓሮ ቀስት መወርወር አይታሰብም። ግዛቱ ግን ቀስት ይወዳል። አጋዘን በቀስት የሚታደንበት ወቅት ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይዘልቃል፤ ሕጉም ለዚህ አደን የሚውለው ቀስት ቢያንስ 40 ፓውንድ የመሳቢያ ኃይል እንዲኖረው ያዛል። ከዚያ ሰፈር ወደ ልምምድ ሜዳ የሚወጣ ጀማሪ ማነጣጠሪያም መዘውርም የሌለውን ባህላዊ ቀስት ከመረጠ፣ ፍላጻው በምን ላይ ይረፍ የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይገጥመዋል። ገበያው መልሱን በዕቃ ይሰጣል፦ የፕላስቲክ ጣት፣ የላባ ማረፊያ፣ የፀጉር ንጣፍ፣ ሽቦ። እኔ ግን ከእጀታው በላይ የተቆረጠው እርከን ቁራጭ ቆዳ ቢለብስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፣ ገንዘቡም ለፍላጻው ይዋል ባይ ነኝ።

በ1545 ከሰጠመችውና በ1982 ቅሪቷ ከባሕር ከወጣው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከሜሪ ሮዝ ከ3,500 በላይ ፍላጻዎችና ከመቶ በላይ ያልተሰበሩ ቀስቶች ተገኝተዋል። ቀስቶቹ እርከን የላቸውም፤ ፍላጻው የሚያርፈው በወታደሩ እጅ ላይ ነበር። በአገራችንም የመተከል ጉሙዞች ቀስት ገበያ የሚሸጠውን ማረፊያ አያውቅም። ይህ የሆነው ሰዎቹ የተሻለ ስላጡ ብቻ አይደለም። አውታሩ ሲለቀቅ ፍላጻውን የሚገፋው ወደ ቀስቱ መካከል ነው፤ እዚያ ግን እንጨቱ አለ። ስለዚህ ፍላጻው ይለመጥና እንጨቱን ዞሮ ያልፋል። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን በፈጣን ካሜራ ያሳየው ይህንኑ ነው። በትክክል የሚለመጥ ፍላጻ ቀስቱን የሚነካው ለቅጽበት ነው፤ ከልክ በላይ ግትር ወይም ልል የሆነውን ደግሞ የትኛውም ውድ ማረፊያ አያቃናውም።

ታዲያ እርከኑ እንዴት ይዘጋጅ? ጠፍጣፋ ከሆነ የፍላጻውን ዘንግ በረጅሙ ይነካዋል፣ ላባውንም ያደናቅፋል። ከቆዳው ሥር ቀጭን ነገር ሸጉጦ እንደ ጉብታ ከፍ ማድረግና ከፍተኛውን ቦታ መዳፍ እጀታውን በጥልቀት ከሚይዝበት ነጥብ ትይዩ ማዋል ነው። እጅ ቀስቱን ቢያጣምመው እንኳ በዚያ ቦታ ያለው እንቅስቃሴ ትንሽ ነው። የጎኑ ልባስም እንዲሁ ጠባብ ይሁን። ውፍረቱ ቀላል ነገር አይደለም፦ በወፈረ ቁጥር ፍላጻው ከመካከል ይርቃል፣ የበለጠ የሚለመጥ ፍላጻም ይፈልጋል። በአውታሩ ላይ የፍላጻው መያዣ ከእርከኑ ልክ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢጀመር መልካም ነው፤ ቀሪው በሙከራ ይስተካከላል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ከፍ ያለ ማረፊያ ፍላጻውን ከእንጨቱ ስለሚያርቅ ወጥ ውጤት ይሰጣል የሚል ነው። ይህ ለፕላስቲክ ክንፍ እውነት ነው፤ ፕላስቲክ እርከኑን ሲመታ አይታጠፍም፣ ፍላጻውን ይገፈትረዋል። የወፍ ላባ ግን ተጣጥፎ ያልፋል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይነሳል፦ ላባ በዝናብ ይረጥባል፣ የኦሃዮ የአደን ወቅት ደግሞ እርጥብ ነው። ይህን አልክድም፤ ዝናብ የሚያዘወትር ሰው ፕላስቲክ ክንፍና ከፍ ያለ ማረፊያ ቢመርጥ ትክክል ነው። በደረቅ ቀን ዒላማ ለሚወረውር ጀማሪ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። ማረፊያ ከመግዛታችሁ በፊት ላባ ያላቸውን ጥቂት ፍላጻዎችና ላባ የሌለውን አንዱን ከ10 ሜትር ገደማ ወርውሩ፤ ቀኝ እጀኛ ከሆናችሁና ላባ የሌለው ከሌሎቹ በግራ ካረፈ ፍላጻው ግትር ነው፣ በቀኝ ካረፈ ልል ነው፤ የምትቀይሩትም ፍላጻውን ነው።