የጣና ታንኳና የአሜሪካ ወደብ

በባሕር ዳር ዳርቻ ቆሞ ወደ ዘጌ የሚመለከት ሰው፥ ከሞተር ጀልባዎቹ መካከል ዝቅ ብላ የምትንሳፈፍ፥ የማገዶ ጭነቷ ከቁመቷ የሚልቅ፥ ባለቤቷም በረጅም ዘንግ የሚገፋት የደንገል ታንኳ ያያል፤ ይህችም ታንኳ ለዓይን የተናቀች ብትመስልም፥ የጥንት አበው ውቅያኖስን ተሻግረው በአሜሪካ ምድር አርፈው ይሆን ወይ በሚለው የሊቃውንት ክርክር ውስጥ ስሟ የገባ ናት።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ደንገሉ ከጣና ሐይቅ ዳር ረግረግ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ተጠቅልሎ በገመድ ይጠፈራል፥ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀለበሳል፥ ጭነቱንም ውሃ እንዳይነካው ከውስጥ ሌላ የደንገል መደብ ይነጠፋል። ውሃ በጠጣች ቁጥር ስለምትከብድ ወደ ዳር ተጎትታ በፀሐይ ትደርቃለች፤ ዕድሜዋ አጭር ስለ ሆነ ሠሪዋ እጁን አያሳርፍም። ይህን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ የኖሩት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው።

የኖርዌው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል፥ ጥንታውያን ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ስለሚያምን፥ 12 ቶን የጣና ደንገል ወደ ግብጽ አስጭኖ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለውን መርከብ አሠራ፤ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ተነሣ። ነገር ግን የጥንት ግብጻውያን የመርከባቸውን የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋር ወጥረው የሚይዙበት ገመድ በ«ራ» ላይ ተዘንግቶ ስለ ነበር፥ ጀርባው እየዘቀጠ ሄዶ፥ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባርቤዶስ ሳይደርስ ተተወ። በሚቀጥለው ዓመት ከደቡብ አሜሪካው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሠሪዎች ያበጁት «ራ 2» ከዚያው ወደብ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

ይህ ጉዞ መሻገር እንደሚቻል አስረዳ እንጂ አበው በእርግጥ ተሻግረው በአሜሪካ ወደብ አረፉ ለማለት ማስረጃ አልሆነም፤ ወደቡን የሚያረጋግጠው ድፍረት ሳይሆን ከመሬት የሚገኝ ቅርስ ነውና። ለእኛ ግን ሌላ ትምህርት ይተርፈናል፦ አንድ ገመድ ቢጎድል መርከብ የሚዘቅጥ ከሆነ፥ ዋናው ሀብት ደንገሉ ብቻ ሳይሆን አጠፋፈሩን የሚያውቅ እጅ ነው። የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፥ የዳርቻው እርሻና እምቦጭ የተባለው አረም ደንገሉን እያጣበቡት ነው፤ ስለዚህ ለሐይቁ የሚያስብ ሁሉ ረግረጉን ሲጠብቅ፥ የታንኳ ሠሪውንም ሙያ አስመዝግቦ ለልጆቹ እንዲያስተምር ያግዘው።