ጥምጥሙን ያላየ ልዑሉን ልዕልት ይላል

የፋርስ ሚኒያቸር በእጅ በተጻፈ መጽሐፍ ገጽ ላይ የሚሳል ደቃቅ ሥዕል ነው። በዚህ ሥዕል ቆንጆ የሚባለው ሰው ፊቱ እንደ ጨረቃ ክብ፣ ቅንድቡ ሊጋጠም የደረሰ፣ ዓይኑ ጠባብ፣ አፉ ትንሽ፣ ቁመናው እንደ ጥድ ቀጥ ያለ ነው። ይኸው ፊት በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ሸክላ ሳህኖች ላይም ይታያል።

«ሠዓሊዎቹ ሰው ከሰው መለየት አቅቷቸው ነው» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ሠዓሊው የሚከተለው ባለቅኔዎችን ነው፤ እነሱም ወንዱንም ሴቷንም በዚያው ጨረቃና በዚያው ጥድ ያሞግሱ ነበር። ፋርስኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ግጥሙ ራሱ ተወዳጁ ወንድ ይሁን ሴት ብዙ ጊዜ አይለይም።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በራስ ልብስ!

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «የፋርስ ልዕልት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፖስትካርድ ገጥሞት ያውቃል። «ልዕልቷ» ግን ነጭ ጥምጥም ጠምጥማለች፤ ከጥምጥሙ መካከል ቀጭን ቀይ ዘንግ ወደ ላይ ቆሟል። ይህ ፋርስን ይገዛ የነበረው የሳፋቪድ መንግሥት ወንዶች ምልክት ነው። ዘንጉ የሚወጣበት ቀይ ቆብ 12 እጥፋት ነበረው፣ ለ12ቱ የሺዓ ኢማሞች መታሰቢያ። የለበሱት ተዋጊዎችም በቱርክኛ «ቂዚልባሽ»፣ ማለትም ቀይ ራስ፣ ተባሉ። መሪያቸው እስማኤል በ1501 ታብሪዝን ይዞ ነገሠ።

የልጁ የሻህ ታህማስብ ሠዓሊዎች 258 ሥዕሎች ባሉት ታላቁ የሻህናሜ (የነገሥታት ተረት መጽሐፍ) ቅጂ የጥንት ተረት ነገሥታትን ሳይቀር ይህንኑ ጥምጥም አልብሰዋቸዋል። የመጀመሪያው ንጉሥ ጋዩማርስና ሰዎቹ ግን በነብር ቆዳ ይታያሉ፤ በታሪኩ ልብስ ገና አልተሠራም ነበርና።

ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዘንጉ ከፋሽን ወጣ። ሻህ አባስ በ1598 ዋና ከተማውን ወደ ኢስፋሃን ሲያዛውር ዘናጩ ጎረምሳ ላላ ያለ ባለቀለም ጥምጥም ወይም ጸጉራም ቆብ ያደርግ ጀመር፤ እነዚህን ጎረምሶች አሳምሮ የሳላቸው ሬዛ አባሲ ነው። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት ገጽ ሲገኝ ባለሙያዎች ዘመኑን ለመገመት ከሚመለከቷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቀይ ዘንግ ነው።

ፊቱን ለማጉላት ብለው ሥዕሉን ከግንባር በላይ የሚቆርጡ አሳታሚዎች መጀመሪያ የሚጥሉት ይህንኑ ነው።