«ጉዳት» እና «የጤና ጉድለት»፦ ስለ ሁለት የጡረታ ሕግ ስያሜዎች

የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በሚተረጐምበት ጊዜ ተርጓሚውን አዘውትረው ከሚያሳስቱት ስያሜዎች መካከል «ጉዳት» እና «የጤና ጉድለት» ይገኙባቸዋል። በዕለት ንግግር ፍቻቸው ተቀራራቢ ስለ ሆነ አንዱን በሌላው መተካት ስሕተት መስሎ አይታይም። በሕጉ ውስጥ ግን አበል የሚያገኘውን ሰው ከማያገኘው የሚለዩት እነዚሁ ቃላት ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በወረታ ከተማ በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት በጡረታ ዐቅድ ተመዝግበው ስድስት ስድስት ዓመት ያገለገሉ ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል። አንደኛው በሥራ ላይ ሳለ መፈልፈያው እጁን ቈርጦት፣ ሁለተኛው በኵላሊት ሕመም ተይዞ፣ ሁለቱም ለዘለቄታው መሥራት እንደማይችሉ በሕክምና ማስረጃ ተረጋገጠ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ቍጥር 1268/2014 መሠረት የመጀመሪያው «የጉዳት ጡረታ አበል» ያገኛል፤ ለዚህ የአገልግሎት ዘመን አይቈጠርበትም። ሁለተኛው የሚጠይቀው «የጤና ጉድለት አበል» ግን ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልን ስለሚሻ፣ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈለው «ዳረጎት» ብቻ ነው። የሁለቱም አቅም እኩል ጠፍቷል፤ ስያሜውን የለየው የአቅሙ መጥፋት ሳይሆን የመጥፋቱ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ «ጉዳት» አደጋን ብቻ አያመለክትም። «በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ» እና «በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ» ሁለቱም በሥሩ ይጠቃለላሉ። እዚህ ላይ «ላይ» እና «ምክንያት» የሚሉትን ቃላት ማደባለቅ አይገባም። የፎገራ ሜዳ ወባ የሚበዛበት አገር ነው። ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ወባ ቢይዘው፣ በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት በአካባቢው የተለመደ በሽታ በሥራ ምክንያት እንደ መጣ አይቈጠርም፤ በሽታውን መከላከል ራሱ ሥራው ካልሆነ በቀር። ስለዚህ መብቱ «የሕመም ፈቃድ» ይሆናል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ነው። ከፋዩም አሠሪው እንጂ የጡረታ ፈንዱ አይደለም።

«አካል ጉዳተኛ» የተባለውም ስያሜ ከዚህ የተለየ ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው ዐዋጅ ቍጥር 568/2000 ለሥራ እንጂ ለአበል መብት አይሰጥም። ዐይነ ስውር መምህር አካል ጉዳተኛ ነው፤ ነገር ግን ደመወዙን ሠርቶ ይበላል፤ የጉዳት አበልተኛ አይባልም።

የሜዳው ገበሬ ደመወዝተኛ ስላልሆነ በግዴታው የጡረታ ዐቅድ አይሸፈንም። ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው፤ መዋጮ መክፈል ለማይችሉትም መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሆኖም መድኑ የሚሸፍነው የሕክምናውን ዋጋ እንጂ ገበሬው ታሞ በመተኛቱ ያጣውን ገቢ አይደለም። «ጡረታ» የመጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ለገበሬው ዛሬም ጧሪው ልጁ ነው። «የጤና መድን»ን «የሕመም አበል» ብሎ መተርጐም እንግዲህ የሌለ መብት ማወጅ ይሆናል።

ስለዚህ ተርጓሚው ቃል ከመምረጡ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ያስቀድም፦ አቅሙን ያሳጣው ምንድን ነው? ከፋዩ ማን ነው? የሚከፈለውስ የደመወዝ ምትክ ነው ወይስ የሕክምና ዋጋ? መልሱ ሳይታወቅ «ጉዳት» ብሎ መጻፍ መብት ላለው ሰው በሩን መዝጋት፣ ለሌለው ደግሞ ከንቱ ተስፋ መስጠት ነው።