ፓምፑን የሚያስነሳው ሳጥን

ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከአዲስ አበባ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውኃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል። የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ደግሞ ከከተማዋ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ከዚያ የሚመጣው እያንዳንዱ ሊትር በሞተር ጉልበት ተገፍቶ ሽቅብ ይወጣል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙት ፋብሪካዎች ዕጣም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አቃቂው ነው። ቢራ ጠማቂው፣ ውኃ አሻጊው፣ ጨርቅ አቅላሚውና የአበባ እርሻው ሁሉ ኑሮው በፓምፕ ነው። ከጉድጓድ ይስባል፣ ወደ ታንከር ይገፋል፣ ከታንከር ወደ ማሽን ያከፋፍላል።

ፓምፑንና ሞተሩን ጎብኚ ሁሉ ያያቸዋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የብረት ሳጥን ግን ከኤሌክትሪሺያኑ በቀር ልብ የሚለው የለም። ባለሙያዎቹ ፓኔል ይሉታል። ፋብሪካ ሲተከል መጨረሻ የሚገዛውና በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነስለት ይኸው ሳጥን ነው። በእኔ ግምት ይህ የተገለበጠ ቁጠባ ነው፤ ሞተር በተለይ የሚፈተነው ሲነሳና ሲቆም ነው፤ ያንን የሚቆጣጠረው ደግሞ ፓኔሉ ነውና።

ዛሬ በየፋብሪካው የምናየው ስሪ ፌዝ ሞተር፣ ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1889 ከሠራው በመሠረቱ አልተለየም። ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ሲለቀቅበት በመደበኛ ሥራው ከሚስበው ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይስባል፤ የውስጡ ተሽከርካሪ ገና ስላልተነሳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚመክትበት አቅም የለውም። በቁጥር እንየው። በ380 ቮልት የሚሠራ የ75 ኪሎ ዋት ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ወደ 140 አምፔር ይስባል። ሲነሳ ግን 900 አምፔር አካባቢ ይደርሳል። ፋብሪካው ያለው ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ከሆነ የትራንስፎርመሩ ሙሉ አቅም 455 አምፔር ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ፓምፕ ለጥቂት ሴኮንድ የትራንስፎርመሩን እጥፍ ይጠይቃል ማለት ነው። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ የሌሎቹ ማሽኖች ኮንታክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ይለቃል። ከግልገል ጊቤ 2 የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው ሰበታ ላይ ነው፤ ይህ ግን በ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር ጫፍ ላለ ፋብሪካ መጽናኛ አይሆንም።

ለትንንሽ ሞተሮች ቀጥታ ማስነሳቱ ይበቃል። ከፍ ሲል በአገራችን የተለመደው ስታር ዴልታ ነው። ሦስት ኮንታክተርና አንድ ታይመር አለው። በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች እያንዳንዱ የሞተሩ ጥቅል በ380 ቮልት ፋንታ 220 ቮልት ብቻ ያገኛል፤ ከመስመሩ የሚሳበው አምፔር በቀጥታ ሲነሳ ከሚስበው ወደ ሲሶ ይወርዳል። የመነሻ ጉልበቱም አብሮ ሲሶ ይሆናል። ለሴንትሪፉጋል ፓምፕ ይህ ችግር የለውም፤ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል የሚጠይቀው ጉልበት ትንሽ ነው። ጣጣው ታይመሩ ላይ ነው። ሞተሩ ፍጥነት ሳይዝ ወደ ዴልታ ከተሻገረ ያ ሁሉ አምፔር ተመልሶ ይመጣል፤ የተደከመበት ፓኔል ጥቅሙ ቀረ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ኦቨርሎዱ ላይ ነው። ኦቨርሎድ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ነው። በስታር ዴልታ ፓኔል ውስጥ ከዋናው ኮንታክተር ሥር፣ ወደ ጥቅሎቹ በሚሄደው መስመር ላይ ሲገባ መስተካከል ያለበት ሞተሩ ላይ በተጻፈው አምፔር ሳይሆን በ58 በመቶው ነው። 140 አምፔር የሚል ሞተር ከሆነ ወደ 81 ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ 140 ላይ የተወው ሰው ሞተሩን ያለ ጠባቂ ተወው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሲያጠፋበት ተናድዶ መደወያውን ከፍ የሚያደርገው ነው። ኦቨርሎድ ደጋግሞ ካጠፋ ፓምፑ ታንቋል፣ ቤሪንግ ተበልቷል ወይም ከፌዞቹ አንዱ ጎድሏል። አንድ ፌዝ የጎደለበት ሞተር እያጉረመረመ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል፤ ቀጥሎ የሚጠራው ጠምጣሚ ነው። የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ ከአንድ ጥምጠማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። የመስመር ጥገና ተደርጎ ፌዞቹ ተቀያይረው ቢገናኙም ፓምፑ ወደ ኋላ እንዳይዞር ያግዳል። ወደ ኋላ የሚዞር ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ትንሽ ውኃ ስለሚሰጥ ሰው ቶሎ አይነቃበትም፤ «ጉድጓዱ ደከመ» ይባላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አረንጓዴው ቁልፍ ሲጫን ኮንታክተሩ በረዳት ነጥቡ በኩል ራሱን ይዞ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ሲመለስ በራሱ አይነሳም። ይህ የሰው ነፍስ የሚያድን አሠራር ነው። ሰው የማይጠብቀው ፓምፕ ግን ከታንከር ተንሳፋፊ ጋር ተያይዞ በራሱ እንዲነሳ ይደረጋል። ያን ጊዜ መብራት እንደመጣ የፋብሪካው ፓምፖች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ፤ ዋናው ብሬከርም ይወድቃል። በጥልቅ ጉድጓድ ላይ ከዚህም ይብሳል። ቼክ ቫልቩ የሚያሳልፍ ከሆነ በቧንቧው ያለው ውኃ ወደ ታች ሲመለስ ፓምፑን ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ቢነሳ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። መድኃኒቱ ተራ ታይመር ነው፤ አንዱ ፓምፕ ከሌላው ዘግይቶ፣ የጉድጓዱ ደግሞ ውኃው ከረጋ በኋላ እንዲነሳ ማድረግ።

ሶፍት ስታርተር ቮልቱን ቀስ በቀስ ያሳድጋል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሲያቆም ቀስ ማለቱ ይመስለኛል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውኃ በድንገት ቢገታ ግፊቱ በ10 ባር ገደማ ይዘላል። ቧንቧው ጓ ሲል የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለጉድጓድ ሞተር ግን ማዘግየት ሲበዛ ጉዳት አለው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቤሪንግ የሚለሰልሰው በውኃ ነውና ከ2 ወይም 3 ሴኮንድ በላይ ሊጎተት አይገባም።

ኢንቨርተር ፍጥነቱን ራሱን ይቀይራል። ቧንቧ ውስጥ ውኃ ለሚያዘዋውር ፓምፕ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚበላው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ ሻጮች የሚወዱት ቁጥር ይህ ነው። 150 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ለሚያወጣ ፓምፕ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ፍጥነቱ ትንሽ ሲቀንስ ውኃው ጭራሽ ወደ ላይ መድረስ ያቆማል። ለጉድጓድ ኢንቨርተር ሲሸጡላችሁ ይህንን ጠይቁ። ከኢንቨርተሩ እስከ ሞተሩ ረጅም ገመድ ካለም በመካከላቸው ማጣሪያ መግባት እንዳለበት አትርሱ።

ከሁሉም የሚረሳው ከፍታችን ነው። የሞተርና የኢንቨርተር ካታሎጎች የተጻፉት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሱሉልታማ ከ2,500 ያልፋል። ቀጭኑ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም። ለሞተሩ የሱሉልታ ብርድ ይክስለታል፤ ካታሎጉ የሚያሰላው 40 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ነውና። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ላለው ኢንቨርተር ግን ብርዱ አይደርስለትም። አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ ገደማ ቀንሱ ይላሉ፤ ስለዚህ 75 ኪሎ ዋት የተባለው ኢንቨርተር በ2,500 ሜትር ላይ 64 ያህል ነው። ፓምፑም የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ወለል አየሩ ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ሊገፋ ይችላል፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ወደ 7.6 ሜትር ነው። ከታች የሚስብ ፓምፕ በካታሎጉ ልክ ከተተከለ ውኃው ውስጡ ወደ እንፋሎት አረፋ ይለወጣል፣ ፓምፑ ይንኮሻኮሻል፣ ምላሱም ይበላል።

ፓኔል ስታሠሩ እንግዲህ የሞተሩን ኪሎ ዋት ብቻ አትስጡ። የቦታውን ከፍታ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የገመዱን ርዝመትና የትራንስፎርመሩን አቅም በትዕዛዙ ላይ ጻፉ። ይህንን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግራችሁ ሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።