ጥግ መያዝና መንገድ መያዝ

ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ከቤት ሲወጣ ከኋላው የሚከተለው ቃል አንድ ነው፤ «ጥግህን ይዘህ ሂድ!» ባሕር ዳርም ይባላል፣ አዲስ አበባም ይባላል፣ በእስራኤል በምትገኘው በቤኤር ያዕቆብ አዳዲስ ሰፈሮችም ከፎቅ ላይ በአማርኛ ይባላል። ምክሩ ከፍቅር የወጣ ነው፤ እግረኛንም ያድናል። ለብስክሌት ነጂ ግን ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አደጋ ላይ ይጥላል። በቀኝ በኩል መንዳት ልክ ነው። ከቆሙ መኪኖች ጋር ተለጥፎ፣ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ተፋፍጎ መንዳት ግን ከአደጋ መሸሽ ይመስላል እንጂ ወደ አደጋው መጠጋት ነው።

ብስክሌት በቤኤር ያዕቆብ ከሚገባው በታች የተገመተ መጓጓዣ ነው። ከዳግስታን የመጡ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1907 የቆረቆሯት ይህች ቦታ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ናት፤ ራምላ፣ ሪሾን ለጽዮንና ኔስ ጽዮናም ጎረቤቶቿ ናቸው። ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያው ወይም እስከ ሻሚር ሆስፒታል ያለው መንገድ በእግር ይረዝማል፣ መኪና ለማስነሳት ደግሞ ያጥራል፤ ለብስክሌት ግን ልኩ ነው። የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም፤ የሚይዝ ፍሬን፣ የተነፋ ጎማ፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት። መብራቱ መንገድ ለማየት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች መንገዱ የመብራት ምሰሶ ስላለው አያበሩትም። በከተማ ውስጥ የብስክሌት መብራት ዋና ሥራ ግን ነጂውን ማሳየት ነው። ፔዳል ላይ የሚለጠፈው ቢጫ አንጸባራቂም እንዲሁ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ ሾፌሩ ከፊቱ ያለው ግንድ ሳይሆን የሰው እግር መሆኑን ወዲያው ይለያል።

ስለ ሄልሜት ብዙ ይወራል፤ ስለዚህ አጭር ልበል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2007 በሁሉም ነጂ ላይ ግዴታ ሆነ፤ በ2011 ደግሞ በከተማ ውስጥ ለሚነዱ አዋቂዎች ግዴታው ተነሳ፣ ለልጆችና ከከተማ ውጭ ለሚነዱ ግን ጸና። አዋቂውም ቢያደርገው ይበጀዋል። ነገር ግን ሄልሜት ምን እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ መመዘኛ የሚፈተነው ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ ተጥሎ ነው፤ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ከብስክሌት የመውደቅ ልክ ነው፤ በ50 የሚበር መኪና ሲገጭ ያለው ልክ አይደለም። ስለዚህ «ሄልሜት አድርጓል» ማለት ስለ ደህንነቱ ታስቦ አልቋል ማለት አይደለም። ከግጭቱ በፊት ያለው ጥያቄ ይበልጣል፤ ነጂው መንገዱ ላይ የት ቦታ ነው ያለው?

የቆመ መኪና በር ሲከፈት ወደ መንገዱ አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ይሄዳል። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚያ ሰከንድ ብስክሌቱ ከአንድ መኪና ርዝመት በላይ ሄዷል፤ ፍሬኑ ግን ገና አልተነካም። በሩ የተከፈተው ሁለት ሜትር ፊት ለፊት ከሆነ ፍሬንም ቅልጥፍናም አያድንም። ከዚህ የከፋው ደግሞ አወዳደቁ ነው። የበሩ ጫፍ የሚያገኘው የመሪውን ቀኝ እጀታ ነው፤ መሪው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ ነጂው ወደ ግራ ይወድቃል። ግራው ደግሞ መኪና የሚያልፍበት ነው። ስለዚህ ተከፋች በር እንደ ተራ ግጭት አይታይም፤ ሰውየውን ሲሸሸው ወደነበረው መኪና ጎማ ሥር የሚወረውር ነገር ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም፤ ከቆሙ መኪኖች አንድ ሜትር ከምናምን ርቆ መንዳት ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሻሻል ይህንኑ ጽፎታል፤ በቆሙ መኪኖች ጎን ስታልፉ የበር ስፋት ወይም አንድ ሜትር ተዉ፣ ከጠርዙም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ራቁ ይላል።

ጥግ መያዝ ሌላም ጉዳት አለው፤ ነጂውን ይደብቀዋል። ከመጋጠሚያ መንገድ የሚወጣ ሾፌር አንገቱን አስግጎ የሚያየው መኪና የሚመጣበትን ቦታ ነው። ብስክሌቱ ከቆሙት መኪኖችና ከዛፎቹ ጥላ ጋር ከተለጠፈ ሾፌሩ ዓይኑን ቢያዞርም አያገኘውም። ከኋላ የሚመጣውም ሾፌር ጥግ ላይ የተጣበቀ ብስክሌት ሲያይ «እዚያው መስመሬ ውስጥ ሆኜ አልፈዋለሁ» ብሎ ይጠጋል፤ ጠበብ ባለ መንገድ ላይ በክንድ ርቀት የሚታከከው ይህ ነው። ነጂው ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብሎ ከያዘ ግን ሾፌሩ መስመሩን ለቆ ማለፍ እንዳለበት ከሩቅ ያውቀዋል። ፈረንሳይና ስፔን ከከተማ ውጭ፣ ጀርመን ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ ብስክሌት የሚያልፍ መኪና አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ በሕግ አዝዘዋል። ራሱን ጠርዝ ላይ ያጣበቀ ነጂ ግን ሕግ የሰጠውን ቦታ በገዛ እጁ ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ጠርዙ የመንገዱ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ነው፤ የጠርሙስ ስባሪው፣ አሸዋው፣ ጎማ የሚይዘው የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ሁሉ እዚያ ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ከሁሉ የሚጎላ ምሳሌ አላት። የሚኒባስ ታክሲ በር በቀኝ በኩል ነው። «ወራጅ አለ!» ሲባል ታክሲው ገና ሳይቆም በሩ ይንሸራተታል፤ ተሳፋሪውም ዓይኑን ሂሳቡ ላይ አድርጎ ይወርዳል። ጥጉን ይዞ በታክሲውና በጠርዙ መካከል የሚሾልክ ብስክሌት የሚገናኘው ከዚያ ተሳፋሪ ጋር ነው። በቤኤር ያዕቆብ በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ያለውም ይኸው ነው፤ በሩ በቀኝ፣ ወራጁም በቀኝ። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎኑን ይዞ የገባ ብስክሌት በስፖኪዮው ውስጥ አይታይም፣ የኋላ ጎማውም ከፊተኛው ይልቅ ወደ ጥጉ ተጠግቶ ይዞራል። ከቆመ ትልቅ መኪና በቀኝ መሹለክን ነጂ ፈጽሞ ሊተወው ይገባል። ቸኩዬ ነበር የሚል ምክንያት እዚህ ላይ አያስኬድም።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ሕጉ ራሱ በተቻለ መጠን ወደ ቀኝ ተጠጉ ይላል» የሚል ነው። «በተቻለ መጠን» የሚለው ቃል ግን ትርጉም አለው፤ ተከፋች በር ያለበትና ፍርግርግ ያለበት ቦታ ለመንዳት የሚቻል ቦታ አይደለም። መኪና ካልቆመበትና መንገዱ ሰፊ ከሆነ ወደ ቀኝ መመለስ ተገቢ ነው፤ ሰውን ያለ ምክንያት ከኋላ ማጎር ነውር ነው። ሁለተኛው «ሾፌር ይናደዳል፣ ክላክስ ይነፋል» የሚል ነው። ይነፋል። ክላክስ የነፋ ሾፌር ግን ነጂውን አይቶታል፤ የሚያስፈራው ያላየው ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ይመስላል፤ «ከኋላ የሚመጣውን ስለማላይ መኪና ፊት ለፊት እየመጣ ብነዳ ይሻላል» ይላል። ሒሳቡን እንሥራው። ብስክሌት በ20፣ መኪና በ50 ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የሚቀራረቡት በ30 ነው፤ 40 ሜትር ለመዝጋት 5 ሰከንድ ያህል አላቸው። ፊት ለፊት ከሆኑ ግን የሚቀራረቡት በ70 ነው፤ ያው 40 ሜትር በ2 ሰከንድ ያልቃል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቢቀንስም ብስክሌቱ እየመጣበት ነው። ከመጋጠሚያ የሚወጣው ሾፌር ደግሞ ወደዚያ አቅጣጫ መጀመሪያውኑ አያይም። ለእግረኛ ፊት ለፊት መሄድ የሚበጀው እግረኛ ቆም ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስለሚል ነው፤ ብስክሌት ይህን አይችልም።

ሾፌር የሚያየው አየዋለሁ ብሎ የሚጠብቀውን ነው። ፒተር ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት በአንድ ቦታ የብስክሌተኛና የእግረኛ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የሚጎዳው ሰው ቁጥር የሚጨምረው በ32 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል፤ እያንዳንዱ ነጂ ያለበት አደጋ ቀንሷል ማለት ነው። ባሕር ዳር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ሜዳማ ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይሄዳል፤ የባጃጁ ሾፌርም ከመታጠፉ በፊት ብስክሌት ይኖራል ብሎ ያስባል። ስለዚህ በግልጽ ቦታ የሚነዳ ሰው ከራሱ በኋላ ለሚመጣውም ነጂ የሾፌሩን ዓይን ያለማምዳል።

ቦታ የጠየቀ ሰው ቦታ መስጠትም አለበት። በእስራኤል ለብስክሌት ምልክት ካልተደረገለት በስተቀር በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ዜብራንም ወርደው እየገፉ መሻገር ነው እንጂ እየነዱ አይደለም። ይህን ብዙዎች ይንቁታል፤ በተለይ በኤሌክትሪክ ብስክሌት። ያ ብስክሌት በሕግ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፣ ከ16 ዓመት በታችም አይፈቀድም። ከገበያ ዘንቢል ይዛ የምትመለስ አሮጊት በ25 የሚመጣባትን ዝምተኛ ነገር ከኋላዋ እንዴት ትስማ? ደወሉን ከሩቅ መምታት፣ «ይቅርታ እማማ» ማለት፣ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው የሚያምረው። በቡድን የሚነዱትም ጉድጓድ ሲያዩ ለኋለኛው በእጅ ያሳያሉ፤ ለመታጠፍም እጅ ዘርግቶ ከሩቅ ማሳወቅ እንደ ፍሬቻ ነው።

ሾፌሮችም አንድ ነገር ይልመዱ። መኪና አቁመው ሲወርዱ በሩን በሚቀርበው በግራ እጅ ሳይሆን በቀኝ እጅ ይክፈቱት። ቀኝ እጅ እስከ ግራው በር ሲዘረጋ ትከሻ አብሮ ይዞራል፣ ዓይንም ሳይታዘዝ ስፖኪዮውን አልፎ ወደ ኋላ ያያል። በኔዘርላንድ ስም የሚጠራ ልማድ ነው፤ የብሪታንያው ደንብም አስገብቶታል።

በአስተስርዮ ዕለት የእስራኤል መንገዶች ከመኪና ባዶ ይሆናሉ፤ በዓሉን አጥብቀው የሚጠብቁት ብስክሌት ባይነዱበትም የብዙ ልጆች ጎማ አስፋልቱን ይሞላዋል። ልጅ በዚያ ቀን የመንገዱን መሃል ይማራል፣ በማግስቱ ደግሞ በፍርሃት ወደ ጥጉ ይጠጋል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት አባት የቆመ መኪናውን በር እስከ ጫፉ ይክፈት፤ የበሩ ጫፍ በሚደርስበት ልክ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ከመኪናው ጎን ጎን ረጅም መስመር ያስምር። ከዚያ በሩን ዘግቶ ልጁ ብስክሌቱን ከመስመሩ ውጭ ይንዳ፤ ጎማው ብቻ ሳይሆን የመሪው እጀታም ከመስመሩ ውጭ እስኪሆን ድረስ።